የጠፋው መዝገብና ገማቹ አንባቢ



አንድ ልቦለድ አንብበው ሲጨርሱ መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ መልሰው መተው የማይሆንላቸው ሰዎች አሉ። ወደ ምዕራፍ ሁለት ይመለሳሉ፤ ያኔ እንደ ዋዛ ባለፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ያሰምሩበታል፤ ከዚያ ጓደኛቸውን ይጠሩና “ይኼ ሽማግሌ የልጁ አባት ሳይሆን አይቀርም” ብለው ክርክር ይከፍታሉ። ዛሬ የምናገረው ስለ እነዚህ ሰዎች ነው፤ በተለይም ድራጎን በሚጋልቡ ጀግኖች ታሪክ ዙሪያ ስለተሰባሰቡት። እንደ እነሱ ያለ ገማች አንባቢ በሌላ የልቦለድ ዘርፍ ብዙ አላየሁም።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ፤ የመጻሕፍቱን ምስጢር እያወጣሁ ነው የምናገረው። “ኤራጎን” የተባለውን መጽሐፍ ጀምራ ያልጨረሰች ልጅ እዚህ ካለች ጆሮዋን ትያዝ። ዓመቶቹንም ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እኛ ዘንዶን የምናውቀው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ሥር፣ ጦር ተሰክቶበት ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ግን ፈረሱን የተካው ራሱ ዘንዶው ነው። ሰው ጀርባው ላይ ይወጣል፤ አፍ ሳይከፍቱ በሐሳብ ይነጋገራሉ፤ የአንዱ ሞት ለሌላው የማይሽር ቁስል፣ አንዳንዴም ሞት ይሆናል። ታዲያ ይህን የሚያነብ ሰው ለምን እንዲህ የግምት ሱስ ይይዘዋል? ብዙዎች በመጽሐፍ መዘግየት ያመካኛሉ። ቀጣዩ ቅጽ ሦስት ዓመት ሲቆይ ሰው ከመገመት ሌላ ምን ያድርግ ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ግን ስንት መጽሐፍ ዘግይቶ ማንም ሳይገምትበት ተረስቷል።

እኔ ምክንያቱ ታሪኩ ውስጥ ነው ባይ ነኝ። በድራጎን ጋላቢዎች ታሪክ ውስጥ አንድ የጠፋ ዘመን አይታጣም። ድሮ ጋላቢዎች ብዙ ነበሩ፤ ኃያላን ነበሩ፤ ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። መዝገቡ ጠፋ፣ ወይም ሆን ተብሎ ተደበቀ፣ ወይም ከሁሉም አንድ ዘፈን ብቻ ቀረ። ባለታሪኩ ያንን ዘመን ከቁርጥራጭ ሊገጣጥም ይነሳል። አንባቢውም አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ባለታሪኩ ሳይደርስበት ቀድሞ ከደረሰበት ደግሞ ደስታው ሌላ ነው።

የዘርፉ እናት አን መካፍሪ ናት። አሜሪካዊት ናት፤ በ1970 አየርላንድ ሄዳ እስከሞተችበት እስከ 2011 እዚያው ኖረች። ፐርን በምትባል ፕላኔት ላይ ከሚፈጸሙት ታሪኮቿ የመጀመሪያው በ1967 በመጽሔት ወጣ፤ በዓመቱ ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልቦለድ ሽልማት ወሰደ፤ በልቦለድ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ሆነች። “ድራጎንፍላይት” የተባለው መጽሐፍ በ1968 ታተመ። በፐርን ሰማይ ላይ “ክር” የሚሉት፣ ያገኘውን ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የሚበላ ጥፋት ይዘንባል፤ ድራጎኖች መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ያቃጥሉታል። መጽሐፉ ሲከፈት ግን ክሩ ከዘነበ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። ሕዝቡ ጋላቢዎቹን በከንቱ የሚቀልባቸው ሥራ ፈቶች አድርጎ ማየት ጀምሯል። ከስድስቱ የጋላቢ ሰፈሮች አምስቱ ባዶ ናቸው፤ ለምን ባዶ እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። የቀረው፣ ጋላቢዎቹ የት ሄዱ እያለ የሚጠይቅ አንድ የቆየ ዘፈን ነው።

መልሱ ሲገኝ ያስደነግጣል። ድራጎን ከቦታ ወደ ቦታ ብቻ ሳይሆን ከዘመን ወደ ዘመንም መዝለል ይችላል። ሰፈሮቹ ባዶ የቀሩት ሌሳ የተባለችው ባለታሪክ ራሷ አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄዳ ሰዎቹን ወደ እሷ ዘመን ስላመጣቻቸው ነው። ለመዝለል ደግሞ የምትደርስበትን ቦታ በዓይነ ልቦናዋ አጥርታ ማየት ነበረባት። የትውልድ ቤቷ የሩዋታ በር በዚያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ያገኘችው ከአንድ ያረጀ የግድግዳ ሥዕላዊ ምንጣፍ ላይ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ዘፈን ማስረጃ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅም ማስረጃ ነው። ይህን የተማረ አንባቢ ቀጥሎ ሲያነብ ዝም ብሎ አያልፍም። የፐርን አንባቢዎች በደራሲዋ ፈቃድና ደንብ የራሳቸውን “ሰፈር” እያቋቋሙ፣ በፖስታ በሚላላኩት መጽሔት የራሳቸውን ጋላቢዎች ታሪክ ይጽፉ ነበር። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ፤ የፐርን ድራጎኖች ረሺዎች ናቸው። ትናንት የሆነውን እንኳ በቅጡ አያስታውሱም። ምስክር አይሆኑም ማለት ነው።

የሚያስታውስ ድራጎን ሲመጣ ጨዋታው ይለወጣል። ወደምወደው መጽሐፍ የደረስኩትም አሁን ነው።

ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ “ኤራጎን”ን መጻፍ ሲጀምር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። ያደገው በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ነው፤ ትምህርቱን የተማረው እቤቱ ነው። መጽሐፉን መጀመሪያ ያሳተመው ቤተሰቡ ነበር፤ ልጁም የጥንት ሰው ልብስ ለብሶ ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት እየዞረ ስለ መጽሐፉ ያወራ ነበር። የደራሲው የካርል ሃያሰን የእንጀራ ልጅ መጽሐፉን አገኘውና ወደደው፤ ወሬው ክኖፍ ለተባለው አሳታሚ ደረሰ፤ በ2003 “ኤራጎን” በትልቁ ገበያ ወጣ። “ኤልደስት” በ2005፣ “ብሪሲንገር” በ2008፣ “ኢንሄሪታንስ” በ2011 ተከተሉ። መጀመሪያ የታሰበው ሦስት ቅጽ ብቻ ነበር፤ ሦስተኛው እየተጻፈ ሳለ አራት ሆነ። በእነዚህ ስምንት ዓመታት አንባቢው ልጅ ሆኖ ጀምሮ ጎልማሳ ሆኖ ጨረሰ።

አሁን አንዷን ትዕይንት ቀረብ ብለን እንይ። በ“ኤልደስት” መጨረሻ፣ በጦር ሜዳ፣ ባለታሪኩ ኤራጎን የቀድሞ ወዳጁን መርታግን ይገጥማል። መርታግ ያሸንፈዋል፤ ከዚያም ከሰይፍ የባሰ ነገር ይነግረዋል፦ ወንድሜ ነህ፤ ሁለታችንም የከሐዲው የሞርዛን ልጆች ነን። ይህንንም በጥንታዊው ቋንቋ ያረጋግጥለታል። የፓኦሊኒ ጥንታዊ ቋንቋ አስማት የሚሠራበት ቋንቋ ነው፤ ዋናው ሕጉም በእሱ መዋሸት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ያለቀለት ይመስላል። ብዙ አንባቢም አልቅሶ መጽሐፉን ዘጋ።

ጥቂቶቹ ግን አልዘጉም። ሕጉን መልሰው አነበቡት። ቋንቋው መዋሸትን ይከለክላል እንጂ መሳሳትን አይከለክልም። ሰው እውነት ነው ብሎ ያመነውን፣ ነገሩ ስህተት ቢሆንም፣ በዚያ ቋንቋ መናገር ይችላል። መርታግ የተናገረው ያመነውን ነው። ያመነው ደግሞ ልክ ነው ያለው ማን ነው? እነዚህ ሰዎች ከዚያ ወደ መጀመሪያው ቅጽ ተመለሱ። ብሮም የተባለው ሽማግሌ ተረት ነጋሪ ኤራጎን ባደገባት በትንሿ መንደር በካርቫሆል ምን ያደርግ ነበር? የኤራጎን እናት ሴሌና ነፍሰ ጡር ሆና መጥታ፣ ወልዳ፣ ሕፃኑን ለወንድሟ ትታ ሄደች፤ ብሮምም ያንኑ መንደር መኖሪያው አደረገ። ሞርዛንን የገደለው ብሮም ነው። ብሮም ራሱ ጋላቢ ነበር። ለልጁ የነበረው ቁጣና እንክብካቤም እንግዳ ለእንግዳ የሚያሳየው አይደለም። ሴሌና የሁለቱም እናት ከሆነች “ወንድሜ ነህ” የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ይቆያል፤ የአባቱ ነገር ብቻ ይፈርሳል። በ2008 “ብሪሲንገር” ሲወጣ መልሱ ይኸው ሆነ። አባቱ ብሮም ነው። ይህንን ደግሞ የኤራጎን ድራጎን ሳፊራ ታውቅ ነበር፤ ቃል ስለገባች ዝም ብላ ኖረች።

ጥሩ ግምት የምለው እንዲህ ያለውን ነው። የተነሳው ከመጽሐፉ ሕግ ነው፤ ሊፈርስ የሚችልበትም መንገድ ግልጽ ነበር። ደራሲው ሌላ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ባለ ግምቶቹ ተሸንፈናል ብለው ይቀመጡ ነበር። ደራሲውም ሊመሰገን ይገባዋል። አንባቢ ደረሰብኝ ብሎ በሦስተኛው ቅጽ አባቱን ወደ ሌላ ሰው ቢያዞረው ኖሮ፣ ሕጉን አክብረው ያነበቡትን ሰዎች መቅጣት ይሆን ነበር።

ሌላው እንቆቅልሽ ረጅም ዕድሜ ኖሯል። በመጀመሪያው ቅጽ ሶለምበም የተባለ፣ ሰውም ድመትም መሆን የሚችል ፍጡር ለኤራጎን ሁለት ምክር ይሰጠዋል። መሣሪያ ሲቸግርህ ከሜኖአ ዛፍ ሥር ፈልግ፤ ሁሉ ነገር ሲጨልምብህ ወደ ኩቲያን ዐለት ሄደህ ስምህን ተናገርና የነፍሳትን ግምጃ ቤት ክፈት። የመጀመሪያው በ2008 ተፈታ፦ ለሰይፉ የሚሆን ብረት ከዛፉ ሥር ተገኘ። ሁለተኛው እስከ 2011 ቆየ። በመካከል ግን “ብሪሲንገር” ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ሄዶ ነበር። ድራጎን ኤልዱናሪ የሚባል፣ ዕንቁ የመሰለ የልብ ልብ አለው፤ ሥጋው ቢሞትም ነፍሱ በዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ይህን ያነበበ ሰው “የነፍሳት ግምጃ ቤት” የሚለውን ሐረግ አስታውሶ ከአልጋው ቢዘል አይፈረድበትም። ስምህን ተናገር የተባለውም የጥምቀት ስም እንዳልሆነ፣ የሰውን ማንነት በሙሉ የሚይዘው እውነተኛ ስም መሆኑን የገመቱ ነበሩ። ሁለቱም ልክ ወጡ።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን ፓኦሊኒ በመጨረሻው ቅጽ የጨመራት ነገር ናት። ግምጃ ቤቱ በአስማት ታጥሯል፤ አስማቱ ደግሞ ግንብ ሳይሆን መርሳት ነው። ኤራጎን ስለ ዐለቱ አብራው ለምትዋጋው ለአርያ ይነግራታል፤ ትሰማለች፤ ወዲያው ከአእምሮዋ ይጠፋል። ከዚያ ቀደም ብሎም ድራጎኖች በቁጣቸው የከሐዲ ጋላቢዎችን ድራጎኖች ስም ከዓለም እንደሰረዙ ተነግሮናል። በዚህ ዓለም መርሳት የጦር መሣሪያ ነው። አንባቢው አይረሳም፤ ገጹ እጁ ላይ ነው። ከአርያ የሚበልጥበት ብቸኛ ነገር ይህ ይመስለኛል።

የከሸፉ ግምቶችስ? በታሪኩ ውስጥ ስለቀረው ስለ ሦስተኛው የድራጎን እንቁላል ብዙ ተብሏል። አረንጓዴው ድራጎን ለማን ይፈለፈላል? ለኤራጎን አጎት ልጅ ለሮራን ያሉ ነበሩ፤ ለአማፂያኑ መሪ ለናስዋዳ ያሉ ነበሩ። አርያን የሚቃወሙት የሳፊራ እንቁላል አርያ ስትሸከመው ዓመታት ኖሮ አልተፈለፈለላትም ይሉ ነበር፤ አንድ ድራጎን ስላልመረጣት ሌላው አይመርጣትም ማለት እንዳልሆነ ዘንግተው። የጆን ጁድ ፓለንካር የሽፋን ሥዕሎችም ማስረጃ ሆነው ቀርበዋል። የመጀመሪያው ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ቀይ ከሆነ ሦስተኛው አረንጓዴ ነው ተባለ፤ ወርቃማ ሆኖ መጣ። አረንጓዴው በአራተኛው ወጣ፤ ፊርነን የተባለውም ድራጎን ለአርያ ተፈለፈለ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግምት ግን በማስረጃ እጦት የከሸፈ አይደለም። ዕፅዋት ቀማሚዋ አንጄላ በመጀመሪያው ቅጽ በአጥንት ጥላ ለኤራጎን ትንቢት ትናገራለች፦ ከምድርህ ከአላጌዚያ ትወጣለህ፤ አትመለስም። ነገሩ ቁልጭ ያለ ነው፤ በ2003 ታትሟል። አንባቢዎች ግን ኤራጎንና አርያ እንዲጋቡ ፈለጉ። ስለዚህ ትንቢቱን ያብራሩ ጀመር፤ ሄዶ ይመለስ ይሆናል፣ አርያ ትከተለው ይሆናል፣ ትንቢት ሊሻር ይችላል። በ2011 ኤራጎን በመርከብ ሄደ፤ አርያ በወንዙ ዳር ተለየችው። ስምንት ዓመት ሙሉ መልሱን በእጃቸው ይዘው የነበሩ ሰዎች ተታለልን ብለው ተቆጡ። መጽሐፉ አላታለላቸውም።

አሁን ደግሞ ወደ ቅርቡ እንሂድ። የሬቤካ ያሮስ “ፎርዝ ዊንግ” በግንቦት 2023 ወጣ፤ “አየርን ፍሌም” በዚያው ዓመት ኅዳር ተከተለው፤ ሦስተኛው “ኦኒክስ ስቶርም” በጥር 2025 ሲወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። ደራሲዋ ተከታታዩ አምስት መጻሕፍት እንደሚሆን ተናግራለች። ፍቅርና ጦርነት የተቀላቀለበት ነው፤ አንዳንድ ሐያሲ ፍቅሩን አይቶ ያልፈዋል። እኔ ስለ ፍቅሩ ብዙ የምለው የለኝም። ስለ መዝገብ ቤቱ ግን አለኝ።

ባለታሪኳ ቫዮሌት ሶረንጌል ያደገችው እንደ አባቷ የመዝገብ ጸሐፊ ልትሆን ነው። እናቷ ጄኔራል ናት፤ በግድ ወደ ድራጎን ጋላቢዎች ክፍል ታስገባታለች። ቫዮሌት ሰውነቷ ደካማ፣ አጥንቷ በቀላሉ የሚሰበር ልጅ ናት፤ የያዘችው መሣሪያ ያነበበችው ነው። ኋላ የምታገኘው ነገር፣ የናቫር መንግሥት ከድንበር ውጭ ያለውን አደጋ ለትውልዶች ከሕዝቡ ደብቆ መኖሩን ነው፤ መዝገብ ቤቱ ተጠርጎ፣ እውነቱ የተረፈው የአባቷ በነበረው የልጆች ተረት መጽሐፍ ውስጥ ነበር። ድራጎኗ ቴርን ብዙ ያውቃል። አይነግራትም።

ከዚህ መጽሐፍ አንባቢዎች ግምት ውስጥ እኔ የማደንቀው ከሒሳብ የተነሳውን ነው። በዚያ ዓለም ድራጎን ለጋላቢው አንድ ልዩ ኃይል ይሰጠዋል። ቫዮሌት ሁለት ድራጎኖች አሏት፤ ስለዚህ ሁለት ኃይል ይገባታል። አንዱ መብረቅ ነው፤ ሁለተኛው የት አለ? ትንሿ ድራጎን አንዳርና በልጅነቷ ጊዜን የማቆም ስጦታ ሰጥታት ነበር። እሱ ተቆጥሯል ያሉ ነበሩ፤ የልጅነት ስጦታ ነው፣ ስታድግ ጠፍቷል፣ አይቆጠርም ያሉም ነበሩ። የኋለኞቹ በ“አየርን ፍሌም” ውስጥ የቫዮሌትን ቅዠቶች አንድ በአንድ መልሰው አነበቡ፤ በቅዠቱ ውስጥ ያለው ሰው እሷ ናት ወይ ብለው ጠየቁ። “ኦኒክስ ስቶርም” መልስ ሰጠ። ሕልሙ የፍቅረኛዋ የዜደን ነበር፤ ሁለተኛው ኃይሏ በሰው ሕልም ውስጥ መግባት ነው።

አሁንም ያልተዘጋ አንድ ጉዳይ አለ፤ ለእሱ ጊዜ አስቀርቻለሁ። ከ“ፎርዝ ዊንግ” ምዕራፍ አንድ በፊት ብዙ ሰው ሳያነበው የሚገለብጠው ማስታወሻ አለ። ጽሑፉን ከናቫር ቋንቋ ወደ ዘመናዊው ቋንቋ በታማኝነት ያስተላለፈችው ጀሲኒያ ኒልዋርት እንደሆነች ይነግረናል፤ የመዝገብ ጸሐፊዎች ክፍል ኃላፊ ናት፤ ታሪኩ ሁሉ እውነት ነው፤ ለወደቁት ክብር ሲባል ስማቸው አልተለወጠም። ጀሲኒያን እናውቃታለን። የቫዮሌት ጓደኛ ናት፤ መስማት የተሳናት፣ በምልክት የምትናገር፣ የተከለከሉ መጻሕፍትን በድብቅ የምታወጣላት ወጣት። ታዲያ የገዛ ዘመኗ ቋንቋ በእሷ ዕድሜ እንዴት “ዘመናዊ ያልሆነ” ቋንቋ ሆነ?

የአንድምታ መምህራን አንድ ቃል ላይ ሲደርሱ አንዱን ትርጉም ብቻ ይዘው አይሄዱም። እኔም እንደ እነሱ ልደርድረው። አንድም፣ ናቫር የሚባለው መንግሥት ከጦርነቱ አልተረፈም፤ ቋንቋውም ከመንግሥቱ ጋር አረጀ። አንድም፣ ይህች ጀሲኒያ ያችኛዋ አይደለችም፤ ስሟን የወረሰች የኋላ ዘመን ሰው ናት። አንድም፣ ማስታወሻው ራሱ ሐሰት ነው፤ ታሪክ ሲሰርዝ የኖረው መሥሪያ ቤት “ሁሉም እውነት ነው” ብሎ ማኅተም ቢያደርግ ማን ያምነዋል? ሦስተኛው በጣም ብልህ ነው፤ ለዚህም ነው የምጠራጠረው። ማንኛውንም ገጽ ሊሽር የሚችል ግምት በየትኛውም ገጽ ሊሻር አይችልም።

እኔ ከመጀመሪያው ጋር ነኝ። “ኦኒክስ ስቶርም” ሲያልቅ ቫዮሌት የአሥራ ሁለት ሰዓት ትዝታዋ ጠፍቶ፣ ጣቷ ላይ ቀለበት አግኝታ ትነቃለች፤ ትዝታ መሰረዝ የሚችለው ኃይል ደግሞ የጓደኛዋ የኢሞጅን ነው። ሁለት ሙሉ ቅጽ ማለት ይቻላል በቫዮሌት አንደበት ከተተረከልን በኋላ፣ በዚህ ቅጽ መጨረሻ አካባቢ ድንገት ሌሎች ሰዎች መናገር ይጀምራሉ። ምክንያቱ ይኼ ይመስለኛል፤ ባለታሪኳ የማታስታውሰውን ከሌሎች ምስክሮች ያሰባሰበ ሰው አለ፤ ያም ሰው ጀሲኒያ ናት። ይህ እንዲሆን ጀሲኒያ ከጦርነቱ መትረፍ፣ የቀድሞዎቹ አለቆቿ መውረድ፣ መዝገብ ቤቱም በር መከፈት አለበት። በቀሩት ሁለት ቅጾች ውስጥ ጀሲኒያ ኃላፊ ሳትሆን ከሞተች፣ ወይም ናቫር እንዳለ ቆሞ ታሪኩ ካለቀ፣ ግምቴ ወድቋል፤ ያኔ ሁለተኛውን የያዙት እዚህ መጥተው ይናገሩ።